ድሬዳዋና ሐረር ከዱባዩ ክሩዝ በፊት ወይስ በኋላ?

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ወደ ግሩፓችን መጣሽ። ጥያቄሽ ረዘም ያለ ስለሆነ ላላነበቡት ባጭሩ ልድገመው። ከስዊድን ነው የምትመጡት፤ አንቺ፣ ፈረንጁ ባለቤትሽ፣ ሁለት ልጆችና እናትሽ። ታኅሣሥ ወይም ጥር ላይ ከዱባይ ተነስቶ እዚያው የሚመለስ የ7 ሌሊት ክሩዝ (የመርከብ ሽርሽር) ልትይዙ ነው። በአዲስ አበባ በኩል ስለምታልፉ ለድሬዳዋና ለሐረር 3 ሌሊት አላችሁ። ከመርከቡ በፊት እንምጣ ወይስ በኋላ፣ የት እንደር፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናቴ በግንብ የታጠረውን የሐረር አሮጌ ከተማ፣ ጀጎልን፣ ይችሉታል ወይ ነው ጥያቄሽ። እናትሽ ልጅነታቸውን ድሬ፣ ለገሃር (የድሮው ባቡር ጣቢያ) አካባቢ ነው ያሳለፉት ብለሻል። እሱን ሳነብ ነው ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝ።

እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ትኬት ቢሮ ሠርቻለሁ፤ እህቴ ዱባይ ስላለች እንደናንተው ባለ መርከብም ሄጃለሁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ መቀበልና መሸኘትማ ድሬ ለተወለደ ሰው ሁለተኛ ሥራ ነው።

መልሴ፣ በኋላ ኑ። አልጠራጠርም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። መርከብ ሰው አይጠብቅም። በፊት ከመጣችሁ ከሐረር ድሬ በመኪና፣ ከድሬ አዲስ አበባ በአውሮፕላን፣ ከአዲስ አበባ ዱባይ በሌላ አውሮፕላን፣ ከዚያ በታክሲ ወደብ ነው። ከነዚህ አንዷ ከዘገየች መርከቡ መልሕቁን አንስቶ ይሄዳል፤ ገንዘባችሁም አብሮት ይሄዳል። ቀጣዩ ወደብ ላይ እንይዘዋለን ብትሉ ደግሞ የሌላ አገር ቪዛ ጣጣ አለ። ስለዚህ በፊት የሚመጣ ሰው መርከቡ ከሚነሳበት ቀን በፊት ያለውን ሌሊት ዱባይ ማደር አለበት። ይሄኔ 3 ሌሊታችሁ 2 ሆነ ማለት ነው። በኋላ ከሆነ ግን የድሬ በረራ ቢዘገይ ምን ይመጣል? አንድ ሻሂ ትጠጣላችሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ጫት ነው። አትሳቂ! ዱባይ ውስጥ ጫት የተከለከለ ነው፤ የሚያሳስር ነው። ከሐረር የሚወጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ ደግሞ አንድ ደግ ዘመድ «ለመንገድ» ብሎ ምን እንደሚከት አይታወቅም። ባለቤትሽ አወዳይ፣ የጫት ገበያው ላይ የተሰጠችውን የጫት እስር ለማስታወሻ ኪሱ ውስጥ ቢያስቀራት ዱባይ ኤርፖርት ላይ ማን ያስረዳለታል? ስዊድንም ክልክል ስለሆነ መጨረሻ ላይም ኪስና ሻንጣ መፈተሽ አይቀርም። ቢያንስ ግን ክሩዙ አይበላሽም። ደግሞ ከሐረር የምትገዙትን ስፌት፣ ቡናና ሐልዋ ለ7 ሌሊት ጠባብ የመርከብ ክፍል ውስጥ ከማመላለስ በቀጥታ ወደ ቤታችሁ ይዛችሁት ትገባላችሁ።

ስለ መርከቡ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። እናትሽ የያዙት የኢትዮጵያ ፓስፖርት ከሆነ፣ መርከቡ ኦማን ወይም ኳታር ደርሶ ዱባይ ስለሚመለስ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ ላይበቃ ይችላል። ትኬት ከመክፈላችሁ በፊት ደጋግሞ ስለሚያስገባው ቪዛ ጠይቁ። ሌላው፣ ዱባይ ውስጥ መርከብ የሚቆምበት አንድ ቦታ ብቻ አይደለም። ፖርት ራሺድ አለ፣ ዱባይ ሃርበር አለ፤ ይራራቃሉ። ለታክሲው «ወደብ» ብላችሁ አትለፉ፤ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን ስም አሳዩት። ስትወርዱ ደግሞ ትልቁን ሻንጣ በመጨረሻው ማታ ከክፍላችሁ በር ውጭ አኑሩ ይሏችኋል፤ ጠዋት ተርሚናል ላይ ነው የምታገኙት። የእማማ መድኃኒት እዚያ ውስጥ እንዳይገባ።

የድሬዳዋውን በረራ ከዋናው ትኬት ጋር በአንድ ላይ አስቆርጡት። ለብቻው ከገዛችሁትና የዱባዩ በረራ ከዘገየ፣ ጣጣው የናንተ ነው የሚሆነው። ከአዲስ አበባ ድሬ በአየር 1 ሰዓት ገደማ ነው። ባቡሩን የሚያወሩላችሁ አይጠፉም። ጥሩ ነው፤ ግን ቀኑን ሙሉ ይበላል፤ ጣቢያውም እናትሽ የሚያውቁት ለገሃር አይደለም፤ ከከተማ ወጣ ያለ አዲስ ጣቢያ ነው። ለ3 ሌሊት እንግዳ አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው። ድሬ ስትደርሱ እዚሁ አትደሩ። ኮንትራት መኪና ይዛችሁ በቀጥታ ወደ ሐረር ውጡ፤ 2 ሌሊት እዚያ፣ የመጨረሻዋን 1 ሌሊት ድሬ። ኤርፖርቱ ድሬ ስለሆነ በመመለሻችሁ ቀን ከሐረር በውድቅት ከመነሳት ትድናላችሁ። የድሬ ልጅ ሆኜ «ሐረር እደሩ» ማለቴን ያየ ሰው ይሰድበኛል። ይስደበኝ።

መንገዱ ራሱ ጉብኝት ነው። ሐረር ከድሬ ከ50 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው። ግን ድሬ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። የደንገጎን ተራራ ስትወጡ በየመታጠፊያው አየሩ ይቀየራል፤ ድሬ ላይ ያወለቃችሁትን ሹራብ እዚያ ትፈልጉታላችሁ። ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ሐረማያ አለ። እናትሽ በልጅነታቸው ሐይቁን ሞልቶ አይተውት ይሆናል። ለዓመታት ደርቆ ነበር፤ አሁን ውሃ ተመልሶበታል። መኪናውን አስቁሙላቸው። ከዚያ አወዳይ፣ የጫቱ ገበያ። ከሰዓት በኋላ ከደረሳችሁ ግርግሩን ከመስኮት ማየት ይበቃል። ሲመሽ ግን መንገዱን አትጀምሩት፤ ከባድ መኪና ይበዛበታል። ከመነሳታችሁ በፊትም የመንገዱን ወሬ ሾፌሩን ጠይቁ፤ እኛም ስንወጣ እንጠይቃለን።

ማደሪያ ላይ፣ ጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳድሩ የአደሬ (የሐረሪ) ቤቶች አሉ። ከፍ ዝቅ ያለው፣ ቀይ የተቀባው ነደባ (የመቀመጫው መደብ)፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት፤ ሆቴል ውስጥ ይህ የለም። ጠዋት ሆጃ የሚባለው ትኩስ መጠጥ ወይም ቡና ከነቁርሱ ይቀርብላችኋል። ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፤ አንዳንዱ መታጠቢያው የጋራ ነው፤ ደረጃውም ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ስትደውሉ ለእማማ ምድር ቤት ክፍል መኖሩን ጠይቁ። «ሮቶ አላችሁ?» ማለትም አትርሺ። የሐረር ውሃ ነገር የቆየ ችግር ነው፤ ታንከር የሌለው ቤት ውስጥ ከነልጆች ማደር ይከብዳል። ምድር ቤት ካልተገኘ ከግንቡ ውጭ ሆቴል ያዙ፤ በባጃጅ ሩቅ አይደለም።

ስለ ጉልበታቸው። ጀጎል ትንሽ ናት፤ ግንቡ ውስጥ ያለው ሁሉ 1 ካሬ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ግን ድንጋይ ነው፣ ዳገትና ቁልቁለት ነው። ዘዴው ይኸውና። በሐረር በር በኩል መኪና ስለሚገባ በባጃጅ እስከ ፈረስ መጋላ አደባባይ ውሰዷቸው። ከዚያ ሁለቱ ቤቶች ቅርብ ናቸው። አንዱ የራምቦ ቤት ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ከ1880 እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ እየሄደ እየተመለሰ ሐረር ኖሯል፤ ቤቱ ግን ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ራምቦ አልኖረበትም የሚሉት ይበዛሉ። ይሁን፤ የእንጨት ሥራውና ከላይ የሚታየው የከተማው ጣሪያ ለብቻው ይበቃል። ሌላው ራስ ተፈሪ የኖሩበት ቤት ነው፤ አሁን የሸሪፍ ሙዚየም ነው። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው የሰበሰቡት የእጅ ጽሑፍ፣ ገንዘብ፣ ጌጣጌጥና የድሮ ዘፈን ቅጂ እዚያ ነው። አንድ ቦታ ብቻ ማየት ብትችሉ ይህን እዩ እላለሁ። ቅርሱን የሰበሰበው አንድ ግለሰብ መሆኑን ለባለቤትሽ ንገሪው፤ ቆሞ ነው የሚያየው።

እማማ እዚያ አረፍ ብለው ቡና ሲጠጡ እናንተ ከፈረስ መጋላ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ በልብስ ሰፊዎቹ መሐል ወደ ግድር መጋላ ገበያ ውረዱ። ከዚያ ወዲያ ካርታ ዋጋ የለውም። መንገዶቹ ጠባብ ናቸው፤ ተጠፍቶም ሩቅ አይኬድም፤ መጨረሻው ግንብ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን ሲመዘግብ 82 መስጊድና 102 የአውሊያ መዘየሪያ ቦታ ቆጥሮባታል። ሁሉን እናያለን ብላችሁ አትሩጡ። ከመርከብ የወረደ ሰው አንድ አመል ይዞ ይመጣል፤ በየወደቡ 4 ሰዓት፣ 5 ሰዓት ተሰጥቶት ስለሚሮጥ ሐረርንም እንደዚያው ሊጨርሳት ይፈልጋል። የመጀመሪያውን ግማሽ ቀን ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር፣ የቀረውን ያለ ማንም ሂዱ። አስጎብኚ ስትይዙ ዋጋውን መጀመሪያ ጨርሱ፤ መጨረሻ ላይ «የሰጣችሁኝን» የሚል ሰው መጨረሻው ጭቅጭቅ ነው። ሰው ከማንሳታችሁ በፊትም አስፈቅዱ፤ በተለይ ገበያ ላይ ያሉትን እናቶች።

ለጅብ ሥጋ የማብላቱ ትርኢት ያለው ከግንቡ ውጭ፣ ጨለም ሲል፣ ወደ ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው። ልጆቹ ይፈራሉ ወይ ብለሻል። መጀመሪያ ይፈራሉ፤ ከዚያ ከእንጨቱ ጫፍ ሥጋ ለማብላት ይሻማሉ፤ የሚፈራው አባትየው ነው። ከመኪናው ቶሎ አትውረዱ፤ ጅቦቹ ሲሰበሰቡ ትንሽ እዩዋቸው። ልጅ ካልፈለገ አታስገድዱ። የመጀመሪያው ማታ ላይ አድርጉት፤ ዝናብ ወይም ድካም ቢያበላሸው ሁለተኛ ማታ ይኖራችኋል።

በሦስተኛው ቀን ቁርስ በልታችሁ ወደ ድሬ ውረዱ። እዚህ ሰዓቱን ማወቅ ነው ዋናው። ከ7 እስከ 10 ሰዓት ድሬ የለችም፤ ሙቀቱም አለ፣ በርጫውም (ጫት መቃሙም) አለ፤ ሱቁም ሰዉም ጋደም ይላል። ስለዚህ ቀፊራ ገበያን ረፋዱ ላይ እዩ። ከገጠር የመጡ የኦሮሞና የሶማሌ ሴቶች ከነቀለማቸው፣ ቅመሙ፣ እጣኑ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ከዚያ ሆቴል ገብታችሁ ተኙ። ከ10 ሰዓት በኋላ የእማማ ሰዓት ነው።

ከዚራ ሰፈርን በእግር መሄድ ይችላሉ፤ ሜዳ ነው፣ ዛፉ ያጠላል። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ሲደርስ ተራራውን መውጣት ስላልቻለ ሐረርን ትቶ እግርጌው ላይ ከተማ ተከለ፤ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ነበር የሚሏት። ባቡሩ ባይደክመው ኖሮ እኛ የለንም! የድሮው ጣቢያ ሕንፃ ቆሟል። ወደ ግቢውና ወደ ጋራዡ ለመግባት ግን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ያን ቀን ጠዋት በሥራ ሰዓት አንዳችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። «እናታችን እዚህ ነው ያደጉት» በሉ፤ ድሬ ውስጥ ይሄ በር ይከፍታል። ከደጃፉ ተቀምጠው የሚያወሩ ሽማግሌዎች ካገኛችሁ እማማን እዚያ ተዋቸው። የጋራ ዘመድ ሳያወጡ አይነሱም።

ወደ መጋላ ሰፈር ስትሻገሩ የደቻቱን ወንዝ ታያላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የገደለው በዚሁ ነው፤ እናትሽ ዝም ካሉ አትጠይቋቸው። ማታ መጋላ ላይ ፈጢራ ከማር ጋር ብሉ፤ ሻሂ በወተት አስከትሉ። ሆቴል ውስጥ ፓስታ የሚበላ እንግዳ እኔን ያናድደኛል።

ባቢሌ ሄደን ግመልና ዝሆን እንይ ወይ ብለሻል። በ3 ሌሊት አይሆንም። ተዉት።

ከቀኑ አንጻር፣ ታኅሣሥ 19ን ሽሹ። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ ነው። ከሳምንት በፊት ጀምሮ በረራው ይሞላል፣ ሆቴሉ ዋጋውን ይቆልላል፣ የደንገጎ መንገድ በመኪናና በእግረኛ ይጨናነቃል። ለመሳለም የሚመጣ ሰው ይምጣ፤ ደስ ይላል። እናንተ ግን ከነልጆች ለጉብኝት ስለሆነ መርከቡን ጥር ላይ አድርጉት፤ የዱባይም አየር ያኔ ጥሩ ነው። ድሬም አታቃጥልም። ሐረር ማታ ይበርዳልና ጃኬት ያዙ። ባለቤትሽ ለመርከቡ ብሎ ባይኖክላር ወይም ድሮን ከገዛ ደግሞ ቦሌ ላይ ጉምሩክ ይይዝበታል፤ ዱባይ እህት ወይም ጓደኛ ካላችሁ እዚያው አስቀምጡት፣ ከሌላችሁ ከመነሻው ቤት ይቅር።