ስለ ባንክራፕሲና ከዚያ በኋላ ስለሚገነባ ክሬዲት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

እዚህ አሜሪካ ዕዳ ከአቅም በላይ ሆኖባችሁ «ባንክራፕሲ (ዕዳን በፍርድ ቤት በኩል ማሰረዝ ወይም በፕላን መክፈል) ፋይል ላድርግ ወይስ ይቅርብኝ?» የምትሉ ብዙ ጥያቄ ልካችኋል። ጠበቃ አይደለሁም። ባንክራፕሲ ብቻ በሚሠራ የጠበቃ ቢሮ ውስጥ ዶክመንት አዘጋጃለሁ፣ አማርኛ ተናጋሪ ደንበኞችንም የማነጋግረው እኔ ነኝ። ሕጉ ፌደራል ነው፤ ለንብረት የሚሰጠው ከለላ (አበዳሪ ሊወስድብህ የማይችለው መጠን) ግን ከስቴት ስቴት ይለያያል፤ ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት የስቴታችሁን ጠበቃ አነጋግሩ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። እኔ ያየሁት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በባንክራፕሲው አይደለም። ከዚያ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ በጭንቀትና በይሉኝታ በሚያደርገው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ ቻፕተር 7 እና ቻፕተር 13 ልዩነታቸው ምንድን ነው?

መልስ፦ 7 ዕዳውን ይሰርዛል። ከከለላው በላይ የሆነ ንብረት ካለህ ትረስቲው (ጉዳይህን እንዲከታተል የሚሾመው ሰው) ሸጦ ለአበዳሪዎች ያከፋፍላል፤ አብዛኛው ሰው ግን እንደዚያ ያለ ንብረት ስለሌለው ምንም አይወሰድበትም። ከፋይሉ እስከ ዲስቻርጁ (ዕዳው መሰረዙን የሚገልጸው የፍርድ ቤት ትእዛዝ) አራት ወር ገደማ ይፈጃል። 13 ደግሞ ከ3 እስከ 5 ዓመት በየወሩ የምትከፍለው ፕላን ነው። ቤቱ ሊወሰድበት የደረሰና ውዝፉን ቀስ እያለ ከፍሎ ቤቱን ማትረፍ የሚፈልግ፣ ወይም ገቢው ለ7 የበዛበት ሰው ወደ 13 ይሄዳል። ለ7 ማለፍ አለማለፍህን የሚወስነው ሚንስ ቴስት ነው። ያለፉት 6 ወራት ገቢህ ከስቴቱ መካከለኛ ገቢ ጋር በቤተሰብህ ቁጥር ይነጻጸራል። ስድስቱን ወር ኦቨርታይም ስትሠራ ከርመህ ከሆነ ትንሽ መቆየቱ ውጤቱን ሊቀይረው ይችላል፤ ይህን ጠበቃህን ጠይቀው።

ጥያቄ፦ በ2021 ትራክ በውድ ገዛሁ። የጭነት ዋጋ ሲወርድ መክፈል አቃተኝና መለስኩት። አሁን ሸጠውት ቀሪውን ክፈል እያሉ ነው። የገዛሁት በኤልኤልሲ (በድርጅቴ ስም) ነው፤ እኔን ያገባኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የፈረምከውን ወረቀት አውጥተህ «ፐርሰናል ጋራንቲ» (ድርጅቱ ካልከፈለ እኔ እከፍላለሁ ማለት ነው) የሚል ገጽ ፈልግ። አንድ ትራክ ላለው ሰው ያለዚህ ፊርማ የሚያበድር የለም ማለት ይቻላል። ፈርመህ ከሆነ ዕዳው የራስህ ነው። ደግነቱ ሌላ ነገር አለ፤ ከጠቅላላ ዕዳህ ከግማሽ በላይ የሆነው የቢዝነስ ዕዳ ከሆነ ሚንስ ቴስቱ አይመለከትህም። ጥሩ ገቢ ያለው ሹፌርም በዚህ መንገድ ቻፕተር 7 ሊያገኝ ይችላል። ብዙ ልጆች ይህን ሳያውቁ «ገቢዬ ብዙ ነው፣ አይፈቀድልኝም» ብለው ዓመት ሙሉ ከኮሌክሽን (ከዕዳ ሰብሳቢዎች) ጋር ሲጨቃጨቁ አያለሁ፤ ያሳዝነኛል።

ጥያቄ፦ ዕቁብ ውስጥ አለሁ። ማንም ስለማያውቀው ዝም ብለው ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ይህ በጣም የሚደጋገም ጥያቄ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ዕጣው ገና ያልደረሰሽ ከሆነ እስካሁን የጣልሽው ገንዘብ የአንቺ ንብረት ነው፤ በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። በከለላ ልትሸፍኚው ትችይ ይሆናል፣ ካልተጻፈ ግን የሚሸፍነው ነገር የለም። ዕጣው ደርሶሽ ቀሪውን እየከፈልሽ ከሆነ ደግሞ ዕዳ ነው፤ ዕዳ ሁሉ መዘርዘር አለበት። እዚህ ላይ ይሉኝታ ይመጣል። የተዘረዘረ አበዳሪ ሁሉ ከፍርድ ቤት በፖስታ ማስታወቂያ ይደርሰዋል፣ የዕቁቡ ሰብሳቢም ጭምር። ሰዎች የሚደብቁት ለዚህ ነው። ነገር ግን ትረስቲው የባንክ ስቴትመንትሽን ይጠይቃል። በየወሩ በዜል ለአንድ ሰው እኩል 1,000 ዶላር ሲወጣ ያየዋል፣ «ይህ ሰው ማነው?» ይልሻል። ያን ጊዜ በመሐላ ቃል ስር ነሽ። ለፍርድ ቤቱ ብለሽ ሳይሆን ለራስሽ ብለሽ ጻፊው፤ ሰብሳቢውንም ወረቀቱ ሳይደርሰው ቀድመሽ ራስሽ አነጋግሪው። ሰው ከሌላ ሲሰማ ነው የሚከፋው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በክፉ ቀን 6,000 ዶላር አበድሮኛል። መጀመሪያ የእሱን ከፍዬ ከዚያ ፋይል ባደርግስ?

መልስ፦ እባክህ እንዳታደርገው። ፋይል ከማድረግህ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለቅርብ ዘመድ የከፈልከውን ዕዳ ትረስቲው ከዘመድህ ላይ ሊያስመልሰው ይችላል። ወንድምህን የጠቀምከው መስሎህ ክስ ታመጣበታለህ። የእሱንም ከሌሎቹ ጋር ዘርዝረው። ከዲስቻርጁ በኋላ በገዛ ፈቃድህ ብትከፍለው ሕጉ አይከለክልህም፤ ብዙዎች እንደዚያ አድርገው በሰላም ጨርሰዋል።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም አለኝ። የአሜሪካ ፍርድ ቤት እዚያ ድረስ ምን አገባው?

መልስ፦ ሕጉ የሚለው «የትም ያለ ንብረት» ነው። አዲስ አበባ ይሁን ባሕር ዳር ለውጥ የለውም። በእህትህ ስም የተመዘገበ፣ ግን በእውነቱ የአንተ የሆነም ይገለጻል። ንብረት መደበቅ የፌደራል ወንጀል ነው፣ እስከ 5 ዓመት እስር ያስከትላል። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። የመኖሪያ ቤት ከለላ የሚሠራው በምትኖርበት ቤት ላይ ስለሆነ ሀገር ቤት ያለው ቤት ያለ ከለላ ሊቀር ይችላል፤ እንዲህ ላለ ሰው 13 ወይም ከአበዳሪዎች ጋር መደራደር የተሻለ ሊሆን ይችላል። ይህን ማወቅ የሚቻለው ግን ለጠበቃው ከመጀመሪያው ቀን ስትነግረው ነው። ፋይል ሊደረግ ሲል ወደ ዘመድ ስም ማዞር ደግሞ ከሁሉ የባሰው ነው።

ጥያቄ፦ ለእናቴ በየወሩ ገንዘብ እልካለሁ፣ አስራትም እከፍላለሁ። ይህስ?

መልስ፦ ፎርሙ ባለፉት 2 ዓመታት ለአንድ ሰው በድምሩ ከ600 ዶላር በላይ የሰጠኸውን ስጦታ ይጠይቃል። ለእናት የተላከም ይጻፋል። ለቤተ ክርስቲያን ወይም ለመስጊድ የሰጠኸውም እንዲሁ። ሕጉ ለሃይማኖት ተቋም የሚሰጥን በዓመት ገቢህ እስከ 15 በመቶ ድረስ ይከልላል። የማስተላለፊያ ደረሰኞችህን ሰብስብና ያዝ፤ ያን ያህል የሚያስፈራ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ለማንኛውም ልሰርዘው ስለሆነ በክሬዲት ካርዱ ቲኬት ቆርጬ እናቴን ጠይቄ ልምጣ?

መልስ፦ ናፍቆቱ ይገባኛል፤ ግን አይሆንም። ከፋይሉ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የተገዛ ለኑሮ የግድ ያልሆነ ነገር፣ በ70 ቀናት ውስጥ ከካርድ የወጣ ካሽም፣ ከተወሰነ መጠን ካለፈ እንደ ማጭበርበር ሊታይና ሳይሰረዝ ሊቀር ይችላል። ላለመክፈል አስቦ መበደር ደግሞ መቼም ቢሆን ችግር ነው። ፋይል ለማድረግ ከወሰንሽ ካርዱን ከዚያች ቀን ጀምሮ አትንኪው።

ጥያቄ፦ 401ኬ (የጡረታ ቁጠባዬ) ላይ 40,000 ዶላር አለኝ። አውጥቼ ካርዶቹን ልክፈል?

መልስ፦ ኸረ በፍጹም! ይህ ገንዘብ በባንክራፕሲ ውስጥ የተከለለ ነው፣ አበዳሪ አይነካውም። ካወጣኸው ግን ታክስ አለው፤ 59 ዓመት ተኩል ካልሞላህ ደግሞ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። የጡረታቸውን ገንዘብ ለካርድ ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ወደ ቢሯችን የሚመጡ በሃምሳዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎች አሉ። እነሱን ማነጋገር ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ነው፣ ምክንያቱም ከአንድ ዓመት በፊት ቢመጡ ኖሮ ገንዘቡም ይተርፍ፣ ዕዳውም ይሰረዝ ነበር።

ጥያቄ፦ የማይሰረዝ ዕዳ የትኛው ነው?

መልስ፦ የልጅ ማሳደጊያ፣ የቅርብ ዓመታት ታክስ፣ የወንጀል ቅጣት፣ በማጭበርበር የመጣ ዕዳ። የተማሪ ብድር በራሱ አይሰረዝም፤ የተለየ ክስ አቅርቦ ከባድ ችግር መኖሩን ማስረዳት ይጠይቃል። የሆስፒታልና የክሬዲት ካርድ ዕዳ ይሰረዛል።

ጥያቄ፦ ለአክስቴ ልጅ መኪና ኮሳይን አድርጌለታለሁ (ለብድሩ አብሬው ፈርሜያለሁ)። እሱ ፋይል ቢያደርግ እኔ ነጻ እወጣለሁ?

መልስ፦ አትወጣም። እሱ 7 ካደረገ ባንኩ ወደ አንተ ይዞራል። በ13 ግን ፕላኑ እየተከፈለ እያለ ኮሳይነሩንም የሚጠብቅ እገዳ አለ። ለዘመዱ ያሰበ ሰው ይህን አይቶ ይምረጥ።

ጥያቄ፦ ግሪን ካርዴን ወይም ዜግነቴን ያበላሽብኛል? እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው፣ ዳኛ ፊት ምን እላለሁ?

መልስ፦ እናቴ፣ በሕጉ መሠረት ፋይል ማድረግዎ ብቻውን ዜግነት አያስከለክልም። የሚያሰጋው ማጭበርበር ወይም ያልተከፈለ ታክስ ነው። አብዛኛው ሰው ዳኛም አያይም። የሚያነጋግርዎ ትረስቲው ነው፤ አሁን በአብዛኛው በዙም ነው። መታወቂያና የሶሻል ሴኩሪቲ ማስረጃ ያሳያሉ። ከዚያ «ወረቀቱን አንብበው ነው የፈረሙት? ያለዎትን ንብረት ሁሉ ዘርዝረዋል? ሊደርስዎ የሚችል ውርስ አለ?» ይልዎታል። ብዙ ጊዜ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ በነጻ ይሰጣል፤ ጠበቃዎ አስቀድሞ ያስታውቅልዎ። ልጅዎን ለማስተርጎም ከሥራ አያስቀሩ።

ጥያቄ፦ ዲስቻርጅ አገኘሁ። ክሬዲቴን ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ከካርድ አትጀምር፣ ከሪፖርቱ ጀምር። ሦስቱ የክሬዲት ቢሮዎች፣ ኤኩፋክስ፣ ኤክስፔሪያንና ትራንስዩኒየን፣ በአንዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም በየሳምንቱ በነጻ ይሰጡሃል። የተሰረዘው እያንዳንዱ ዕዳ ቀሪ ሂሳቡ ዜሮ መሆን አለበት። አሁንም «ያልተከፈለ» የሚል ካገኘህ የዲስቻርጁን ወረቀት አያይዘህ ዲስፒዩት አድርግ (ስህተት ነው ብለህ ተቃወም)፤ በአብዛኛው በ30 ቀን ውስጥ አጣርተው መመለስ አለባቸው። ሰው ይህን ስለሚዘል ስኮሩ ያለ ምክንያት ወርዶ ይቀራል።

ከዚያ አንድ ሴኩርድ ካርድ ውሰድ። 200 ዶላር ታስይዛለህ፣ 200 ዶላር ሊሚት ይሰጡሃል። በወር አንዴ ቤንዚን ቅዳበት፣ 20 ዶላር ይበቃል። ልብ በል፤ የክፍያ ቀን ሌላ ነው፣ ስቴትመንት የሚዘጋበት ቀን ሌላ ነው። በአብዛኛው ለክሬዲት ቢሮዎቹ የሚላከው ስቴትመንቱ ሲዘጋ ያለው ቀሪ ነው። 200 ሊሚት ላይ 180 ተጠቅመህ በክፍያው ቀን ሙሉውን ብትከፍልም ሪፖርቱ ላይ 180 ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ከመዘጋቱ በፊት ክፈል። በፋይኮ (የክሬዲት ስኮር) ስሌት 35 በመቶው በሰዓቱ መክፈልህ ነው፣ 30 በመቶው ያለብህ ዕዳ መጠን ነው፤ ይህች ትንሽ ካርድ ሁለቱንም ትነካለች። ወለድ እንዲጨምር ቀሪ ትቶ ማለፍ ስኮር ያሳድጋል የሚባለው ውሸት ነው።

ጥያቄ፦ 1,500 ዶላር ከከፈልክ ባንክራፕሲውን ከሪፖርትህ እናጠፋለን የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ሥራው ሳይሠራ ክፍያ መቀበል ለክሬዲት ሪፔር ድርጅቶች በሕግ ክልክል ነው። እውነተኛ መረጃም አይጠፋም። ቻፕተር 7 ከፋይሉ ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት ይቆያል፣ 13 ብዙ ጊዜ በ7 ዓመት ይወጣል። ክብደቱ ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ቤት መግዛት የምችለው መቼ ነው?

መልስ፦ ከቻፕተር 7 በኋላ ለኤፍኤችኤ (መንግሥት ዋስትና ለሚሰጠው) ብድር አብዛኛውን ጊዜ ከዲስቻርጁ ቀን 2 ዓመት፣ ለኮንቬንሽናል (ያለ መንግሥት ዋስትና ለሚሰጠው) 4 ዓመት ነው። የሚቆጠረው ከዲስቻርጁ እንጂ ከፋይሉ ቀን አይደለም። እስከዚያ ኪራይህን በቼክ ወይም በባንክ ክፈል፣ በካሽ አትክፈል፤ ሞርጌጅ ሰጪው የ12 ወር የኪራይ ማስረጃ ሲጠይቅህ የምታሳየው ይኖርሃል። የዲስቻርጁን ወረቀትም ሙሉ ፋይሉንም አትጣል። ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቅህ እነዚያን ገጾች ነው።