ብየዳ እችላለሁ፣ ትንሽ ሞርታር ብሠራ ምን አለበት?

ጥያቄ፦
ሰላም ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ። ለገጣፎ ብየዳ ቤት ነው የምሠራው። ዩቲዩብ ላይ ፈረንጆች ትንንሽ ሞርታር (አጭር መድፍ) ሠርተው በባሩድ የጎልፍ ኳስ ሲተኩሱ አየሁና ልቤ እዛው ቀረ። ወፍራም የውሃ ቧንቧ አለኝ፣ አንዱን ጫፍ በላሜራ በይጄ ብዘጋውና ከጓደኞቼ ጋር ሜዳ ወጥተን ብንተኩስ ምን ይላሉ? ባሩዱንም እራሳችን እንቀምመዋለን። ለመዝናናት ብቻ ነው። የቧንቧው ውፍረት ስንት ቢሆን ይበቃል?
ስሜ ይቆይ፣ ከለገጣፎ

መልስ፦
ወንድሜ፣ የውፍረት ቁጥር አልሰጥህም፣ ምክንያቱም ለዚህ ሥራ የሚበቃ የውሃ ቧንቧ የለም። ቧንቧ የተሠራው ለረጋ የውሃ ግፊት ነው፣ ባሩድ ግን ተዘግቶበት ሲነድ ጋዙ ዓይን እስክትጨፍን እንኳን አይጠብቅም፣ ብረቱን ባንዴ ነው የሚመታው። ብዙው ቧንቧ ደግሞ ላሜራ ተጠቅልሎ በቁመቱ የተበየደ ነው፣ ውስጡን በጣትህ ብትዳስሰው መስመሩ ይሰማሃል። በዛ ላይ አንተ ጫፉን ትበይዳለህ። ከላይ ሲያዩት ያማረ ብየዳ ውስጡ ሳይጠልቅ እንደሚቀር ለአንተ አልነግርህም፣ ሙያህ ነው። እዛ ጋ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለች በእያንዳንዱ ተኩስ እየሰፋች ትሄዳለች፣ ከውጭ ምንም አታይም፣ ስለዚህ አንዴ ተኩሰህ በሰላም አለፈ ማለት ለሚቀጥለው ዋስትና አይሆንም።

በ1844 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የጦር መርከብ ፕሪንስተን ላይ ባለሥልጣናት ተጋብዘው አንድ ትልቅ መድፍ ይተኮስላቸው ነበር፣ በዕለቱ ቀደም ሲል በሰላም ተተኩሶ በኋላ ፈነዳና የውጭ ጉዳይና የባሕር ኃይል ሚኒስትሮቹን ጨምሮ 6 ሰው ገደለ። የስኮትላንዱ ንጉሥ ጀምስ 2ኛም በ1460 እ.ኤ.አ. የሞተው አጠገቡ የቆመው የራሱ መድፍ ፈንድቶ ነው። እነዚህ ደግሞ ከውሃ ቧንቧ የተሠሩ ሳይሆኑ እውነተኛ የጦር መድፎች ነበሩ።

ቪዲዮው ላይ ያየሃቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ድፍን ብረት በቶርኖ (ብረት መቦርቦሪያ ማሽን) ቦርቡረው ነው የሚሠሩት፣ ባሩዱን ከፋብሪካ ይገዛሉ፣ ረጅም ክር ለኩሰው ይርቃሉ፣ እንደዛም ሆኖ ይጎዳሉ። የቤት ቅመማው ደግሞ ከቧንቧውም የባሰ ነው፣ ባሩድ በግጭት፣ በፍንጣሪ፣ በልብስ ኤሌክትሪክ ሳይቀር ይነሳል፣ ብየዳ ቤት ውስጥ ደግሞ ፍንጣሪ መቼ ጠፍቶ ያውቃል! ከተኩስ በኋላም አፈሙዙ ውስጥ ፍም ይቀራል፣ ድሮ መድፈኞች በእርጥብ ነገር ሳይጠርጉ ባሩድ የማያጎርሱት ለዚህ ነው። እጅህን አፉ ላይ አድርገህ ስትጨምር ቢነሳስ?

ሕጉንም ልንገርህ፣ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራት ወንጀል ነው፣ ለመዝናናት ነበር ማለት አያድንህም። ደግሞ የትኛው ሜዳ? ዙሪያው ሁሉ ቤት ሆኗል፣ ድምፁን የሰማች እናት ልጆቿን ይዛ መሬት ላይ ትተኛለች፣ ይሄ በዚህ ጊዜ ለማንም አይደረግም።

አሁን ባሩድ ቀምማችሁ ከሆነ አትንኩት፣ ታክሲ ውስጥ ይዛችሁ አትዙሩ፣ ከእሳት አርቃችሁ ለፖሊስ ንገሩ።

መድፍ መውደድህን ግን አልነቅፍም፣ እኔም እወዳለሁ። ቴዎድሮስ አደባባይ ሄደህ የሴባስቶፖልን ቅጂ ዙረህ እየው፣ ፎቶ አንሳ፣ ለካ። ዋናው አሁንም መቅደላ ነው ያለው፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ቀልጦ የተሠራ፣ 7 ቶን ገደማ፣ ተራራ ለተራራ በሰው ጉልበት ተጎትቶ የወጣ። ከዛ የማይተኩስ ትንሽ ቅጂውን ሥራ፦ ምናለሽ ተራ ድፍን ብረት ፈልገህ፣ ቶርኖ ያለው ጓደኛ ካለህ አፉን ብቻ ትንሽ አስቦርቡር፣ ባሩድ የሚለኮስበትን የእሳት ቀዳዳ ጭራሽ እንዳታወጣለት፣ ጋሪውን አንተ በይደው። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ እንዲህ ያለ ሥራ ገዢም አያጣም።