«ለ12 ወር ብቻ» የሚል የኪራይ ውል፦ ሰኞ አይፈርሙ

ጥያቄ፦ የምኖረው ሮተርዳም፣ በባንክ ብድር በገዛሁት አፓርታማ ነው። እናቴ ስለታመመች ለአንድ ዓመት አዲስ አበባ ልሄድ ነው። ቤቱን ለአንድ የአገሬ ልጅና ለሚስቱ በወር 1,600 ዩሮ ላከራይ ተስማምተናል። ውሉን ጓደኛዬ እ.ኤ.አ. በ2019 ከተጠቀመበት ላይ ገልብጫለሁ፤ «ለ12 ወር ብቻ» ይላል። አድራሻውን እዚያ እንዳያስመዘግብ ነግሬዋለሁ። ሰኞ እንፈራረማለን። የሚጎድል ነገር አለ?

መልስ፦ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ሰኞ ግን አይፈርሙ።

መጀመሪያ ስላልነገሩኝ ነገር ላንሳ። ተከራዩ አድራሻውን እንዳያስመዘግብ ለምን ፈለጉ? እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። ወይ ባንኩ ማከራየትዎን አያውቅም፣ ወይ እርስዎ ራስዎ በዚያው አድራሻ ተመዝግበው መቆየት ፈልገዋል። ሁለቱም አያዋጣም። የቤት ብድር ውሎች በአብዛኛው ያለ ባንኩ የጽሑፍ ፈቃድ ማከራየትን ይከለክላሉ። ባንኩ በኋላ ቢደርስበት ብድሩን በአንዴ እንዲከፍሉ እስከ መጠየቅ ሊሄድ ይችላል። በ12 ወር ውስጥ ከ8 ወር በላይ ከኔዘርላንድስ ውጭ የሚቆይ ሰው ደግሞ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ የመውጣት ግዴታ አለበት። ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ሰውም በአድራሻው መመዝገብ አለበት፤ እርስዎ ሊከለክሉት አይችሉም። ይህን በዋትስአፕ ጽፈውለት ከሆነማ ማስረጃውን በእጁ ሰጥተውታል።

ወደ ውሉ እንምጣ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ጓደኛዎ አልተሳሳተም። በ2019 አንድን ሙሉ ቤት እስከ 2 ዓመት በጊዜ ገደብ ማከራየት ይፈቀድ ነበር። ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን ይህ ቀርቷል። ለተማሪዎችና ለጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር፣ አዲስ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ማብቂያ የሌለው ነው። «ለ12 ወር ብቻ» ብለው ቢጽፉም፣ ተከራዩ ቢፈርምም፣ ምስክር ቢቆምም ያው ነው። ዓመቱ ሲያልቅ እሱ ቤት ውስጥ ነው፤ እርስዎ ከነሻንጣዎ ደጅ።

«የአገሬ ልጅ ነው፣ ቃሉን ያከብራል» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ያከብር ይሆናል። ግን ቤት እንደዚህ በጠፋበት ጊዜ የሚገባበት ቢያጣስ? ሚስቱ ብትወልድስ? ያኔ ሕጉ ከጎኑ መሆኑን የሚነግረው ሰው አያጣም።

ለእንደ እርስዎ ዓይነቱ ባለቤት ግን የተተወ መንገድ አለ። ሆላንዶች «የዲፕሎማት አንቀጽ» ይሉታል፤ ዲፕሎማት መሆን አያስፈልግም። በቤቱ የኖረ ባለቤት ለተወሰነ ጊዜ ሄዶ፣ ተመልሶ ራሱ ሊኖርበት ሲፈልግ የሚያገለግል ነው። ታዲያ ይህ ሐሳብና ተከራዩ ያኔ ለመልቀቅ መስማማቱ ውሉ ላይ በግልጽ መጻፍ አለባቸው። ከፈረሙ በኋላ «ለማለት የፈለግኩት እኮ…» ማለት አያድንም።

ደግሞም በራሱ አይሠራም። ቢያንስ ከ3 ወር በፊት በአደራ ደብዳቤ፣ ምክንያቱን ጠቅሰው፣ ማስጠንቀቂያ ይልካሉ። ተከራዩም መስማማት አለመስማማቱን በ6 ሳምንት ውስጥ እንዲያሳውቅዎ ይጠይቃሉ። እምቢ ካለ ጉዳዩ ዳኛ ዘንድ ይሄዳል፤ እስኪወሰንም ኪራዩ ይቀጥላል። አዲስ አበባ ሆነው ይህን ቀን መርሳት ቀላል ነው። እዚህ ላለ የሚያምኑት ሰው ውክልና ሳይሰጡ እንዳይሄዱ።

አንድ የማያስደስት ጥያቄም ልጨምር። በእርግጥ በዓመቱ ይመለሳሉ? ለማስታመም ቀን አይቆረጥለትም። ሊረዝም ይችላል ብለው ካሰቡ አሁኑኑ ለጠበቃዎ ይንገሩ። ማራዘሚያው ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ መስማማትን ይጠይቃል። ጭራሽ ላይመለሱ ከሆነ ግን አማራጩ ሌላ ስለሆነ አይደብቁት።

ስለ ኪራዩ ባጭሩ። ቤት በስፋቱና በጥራቱ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከጁላይ 2024 ወዲህ እስከ 186 ነጥብ ያለው የኪራይ ጣሪያ አለው። የእርስዎ ቤት በዚያ ክልል ከወደቀ 1,600 ዩሮ አያስኬድም። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ የነጥቡን ስሌት ለአዲስ ተከራይ መስጠት ግዴታ ነው። ከጣሪያው በላይ ካስከፈሉ ተከራዩ ሁርኮሚሲ (የኪራይ ክርክር የሚያይ የመንግሥት አካል) ሄዶ ያስቀንሳል፤ ማዘጋጃ ቤቱም ሊቀጣዎ ይችላል። ተከራዩ የሚያስይዘው ገንዘብ የአገልግሎት ክፍያ ሳይጨመር ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ። የአፓርታማው ባለቤቶች ማኅበር ደንብም ይታይ። ቤቱን የገዙት በቅርቡ ከሆነ ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱን ይጠይቁ፤ በአንዳንድ ሰፈሮች ከግዢው በኋላ ለ4 ዓመት ያለ ፈቃድ ማከራየት አይቻልም።

ይህ ባነበብኩት ላይ ብቻ የተሰጠ አጠቃላይ ምክር ነው። የብድር ውሉን፣ የባንኩን መልስ፣ የነጥቡን ስሌት፣ የውሉን ረቂቅና የጉዞ ቀንዎን ይዘው የኪራይ ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ። ቁልፉን አስቀድመው ሰጥተው የመጀመሪያውን ወር ኪራይ ተቀብለው ከሆነ ግን እስከ ሰኞ አይጠብቁ፤ በኔዘርላንድስ በቃል የተደረገ ኪራይም ይጸናልና ዛሬውኑ ይደውሉ።