ጓንት፣ ማስክ፣ አጎበር፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ ነርስ ጋር

ድሬዳዋ ውስጥ ተኝተው የሚታከሙ ሕሙማንን የምንከባከብ ነርስ ነኝ። ሆስፒታል ውስጥ በሽታ ከአልጋ ወደ አልጋ እንዳይዛመት ምን እንደምናደርግ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡት እነሆ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ቲቢ የተጠረጠረ ታካሚ መጣ፤ የተለየ ክፍል የለንም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ቲቢ በአየር ነው የሚተላለፈው። መስኮት አጠገብ፣ ከሕፃናትና ከኤች አይ ቪ ሕሙማን ርቆ ይተኛ። መስኮቱ ይከፈት። የድሬ ሙቀት እዚህ ጋ ይጠቅመናል፤ «ብርድ ይመታናል» የሚል ብዙ የለም። ታካሚው ተራውን ማስክ ያድርግ፣ አንተ ደግሞ ጥቃቅን ነገር የሚያጣራውን ኤን-95 ማስክ። ብዙዎች የታካሚውንና የባለሙያውን ማስክ ያለዋውጡታል።

ጥያቄ፦ ጓንት ካደረግሁ እጅ መታጠቡ ለምን?

መልስ፦ አቦ፣ ይቺን ጥያቄ ስሰማ ያንገበግበኛል! ጓንት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ሲወልቅም እጅ ይነካካል። አንዷ ነርስ የአንዱን የሽንት ከረጢት ደፍታ፣ በዚያው ጓንት የጎረቤቱን ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የገባችውን ቀጭን ቱቦ) ስታስተካክል አስባት። ጓንቱ እሷን ጠበቀ እንጂ ታካሚውን አልጠበቀም። በየታካሚው ጓንት ይቀየር። እጅም በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይታሽ። እጅ ከቆሸሸ ወይም ታካሚው ተቅማጥ ካለበት ግን ውሃና ሳሙና ነው። ጓንት ላይ አልኮል እየረጩ መዋል አይሆንም።

ጥያቄ፦ ሳወልቅ ቅደም ተከተሉ ይምታታብኛል።

መልስ፦ ጓንት፣ መነጽር፣ ጋውን (ከላይ የሚደረበው መከላከያ ልብስ)፣ በመጨረሻ ማስክ። ኤን-95 የሚወልቀው ከክፍሉ ወጥተህ በሩን ከዘጋህ በኋላ ነው። ከዚያ እጅህን።

ጥያቄ፦ የማጅራት ገትር ታካሚ እስከ መቼ ይለያል?

መልስ፦ ሜኒንጎኮካል በሚባለው ባክቴሪያ የመጣ ከሆነ ትክክለኛው አንቲባዮቲክ ከተጀመረ 24 ሰዓት እስኪሞላ። እስከዚያ ስትቀርቡት ማስክ አድርጉ።

ጥያቄ፦ እህቴ ዴንጊ ይዟት ተኝታለች። ልጆቼን ይዤ ብጠይቃት ይጋባባቸዋል?

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ። ዴንጊ በትንፋሽም በመነካካትም አይጋባም፤ የምታዛምተው ትንኝ ናት። በ2019 እ.ኤ.አ. ድሬን ያስጨነቃት ቺኩንጉንያም እንደዚሁ። ትንኟ ቀን ስለምትናከስ አጎበሩ ቀንም ይዘርጋ። ልጆቹን ግን ቤት ተያቸው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው የእህትሽ በሽታ ብቻ አይደለም። አንቺም አልጋ ላይ አትቀመጪ።

ጥያቄ፦ በረኪና በጥብጠን ሦስት ቀን እንጠቀምበታለን። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው እንጂ! ክሎሪን በሙቀትና በብርሃን ጉልበቱን ያጣል፤ በእኛ ሙቀትማ አትጠይቁኝ። በየቀኑ አዲስ ይበጥበጥ። በረኪናው 5 በመቶ ከሆነ፣ 1 እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውሃ 0.5 በመቶ ይሰጣችኋል። ከድነው ጥላ ሥር ያስቀምጡት። መጀመሪያ ቆሻሻው በሳሙና ይጽዳ፤ እድፍ ላይ የፈሰሰ ክሎሪን ብዙም አይሠራም።