ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ለውዝ የማይስማማት ልጄን ትምህርት ቤት እንዴት ልላካት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። 2ኛ ክፍል የምትማር የ8 ዓመት ልጅ አለችኝ። ባለፈው ዓመት ለውዝ በልታ ከንፈሯ አበጠ፣ ሰውነቷ ሁሉ ሽፍ አለ፣ ትንፋሽ አጠራት። ጤና ጣቢያ አድርሰናት በመርፌ ተረፈች። በቅርቡ ደግሞ በእረፍት ሰዓት ጓደኛዋ ያካፈለቻት ቆሎ ለውዝ ነበረበት። ማሳከክ ሲጀምራት መምህሯ ከአንዲት ልጅ ጋር ወደ ቤት ላከቻት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቀለል ብሎ አለፈ። አሁን ትምህርት ቤቱ «ወይ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ትብላ፣ ወይ በምሳ ሰዓት ውሰጃት» ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ በጣም ያስደነገጠኝ ልጅዎ በእግሯ ወደ ቤት መላኳ ነው።

ከባድ የምግብ አለርጂ፣ ሐኪሞች አናፊላክሲስ የምንለው፣ ምግቡ ከተበላ በኋላ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳል። ቢዘገይ እስከ 2 ሰዓት ነው። በማሳከክ የጀመረው ጉሮሮን ሊዘጋ፣ የደም ግፊትን ሊጥል ይችላል። ግፊቷ የወረደ ልጅ ተነስታ ስትራመድ ወደ ልቧ የሚመለሰው ደም ያንሳል። መንገድ ላይ ትወድቃለች። አብራት ያለችው ደግሞ እንደ እሷው ሕፃን ናት።

ስለዚህ መምህራን ይህን ያዙልኝ። እንዲህ ያለች ልጅ የትም አትላክም። ባለችበት በጀርባዋ ትተኛ፣ እግሯ ከፍ ይበል። ትንፋሽ ካጠራት ተደግፋ ትቀመጥ። ካስመለሳት በጎኗ ትተኛ። ሰው ወደ እሷ ይምጣ እንጂ እሷ ወደ ሰው አትሂድ።

በእኛ አገር ልጅ ድንገት ሲያመው «ምች መታው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሻል። «መርዝ በላ» ተብሎም ወተት ይሰጣል። ያደግሁበት ነውና ልማዱን አልንቅም። ግን እዚህ ላይ ደቂቃ ይበላል። ትንፋሽ ያጠራትን ልጅ ወተት ማጠጣት ደግሞ ሊያንቃት ይችላል። የአለርጂ ሽሮፕም ማሳከኩን ያስታግስ እንደሆነ እንጂ የሚዘጋ ጉሮሮ አይከፍትም። ሕይወት የሚያተርፈው አድሬናሊን ነው። የሚወጋው ጭን ላይ፣ በውጭ በኩል መሐሉ ጡንቻ ላይ ነው። ለልጅ መጠኑ በአንድ ኪሎ ክብደት 0.01 ሚሊ ግራም ነው። 20 ኪሎ ለምትመዝን ልጅ 0.2 ሚሊ ግራም ይሆናል። ካልተሻላት ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይደገማል።

በውጭ አገር መምህር ወይም ወላጅ ራሱ የሚወጋው፣ መጠኑ ተለክቶ የተዘጋጀ እንደ እስክሪብቶ ያለ መርፌ አለ። እኛ ዘንድ ያንን ከፋርማሲ ገዝቶ መያዝ ቀላል አይደለም። በጤና ተቋም የሚሠራበት አምፑሉ፣ ማለትም መድኃኒቱ ያለበት ትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ እሱ ደግሞ ልክ የሚያውቅ እጅ ይፈልጋል። ለዚህ ነው የትምህርት ቤቱ ዕቅድ ከጤና ጣቢያው መጀመር ያለበት። ርዕሰ መምህሩ እና የጤና ጣቢያው ኃላፊ አስቀድመው ይነጋገሩ። አምፑሉ ሁልጊዜ አለ ወይ? ሲደወል ስልክ የሚያነሳው ማነው? ባለሙያው ይመጣል ወይስ ልጅቷ በመኪና ትወሰዳለች? ዝናብ ጥሎ ባጃጅ ቢጠፋስ? እነዚህ ልጅቷ እየታፈነች የሚመከርባቸው ጉዳዮች አይደሉም።

የተስማሙበት በአንድ ገጽ ይጻፍ። ፎቶዋ፣ ኪሎዋ፣ የማይስማማት ምግብ፣ ምልክቶቹ፣ የሚደወልባቸው ስልኮች ይኑሩበት። በመምህራን ክፍል ይለጠፍ። ዘበኛውም፣ ተተክቶ የሚገባ መምህርም ይወቀው። አስም ካለባት በጉልህ ይጻፍ፤ አደጋው ይከብዳል።

ብቻዋን ትብላ የሚለውን ግን አልስማማበትም። ብቻዋን ስትበላ ጉሮሮዋ ቢዘጋ ማን ያያታል? የ8 ዓመት ልጅንስ ከጓደኞቿ መለየት ምን ያህል እንደሚጎዳት ያስቡ። ከጓደኞቿ ጋር፣ መምህር ባለበት ትብላ። ምግቧ ከቤት ይምጣ፣ ከማንም አትቀበል፣ ለማንም አታካፍል። ጓደኞቿም «ለውዝ ያሳምማታል፣ ስትታመም ካያችሁ ሮጣችሁ ለመምህር ንገሩ» ይባሉ። ልጆች እንዲህ ያለውን አደራ ከትልቅ ሰው በላይ ይጠብቃሉ።

ትልቁ ሥጋት ቆሎ ነው። ገብሱ፣ ሽምብራው፣ ሱፉ፣ ለውዙ በአንድ ምጣድ ይቆላል፣ በአንድ ስኒ ይሰፈራል። ለውዙን ለቅሞ ማውጣት አይበቃም፣ መቆላቱም አለርጂውን አያጠፋውም። ስለዚህ ከውጭ የተገዛ ቆሎ ለእሷ የለም፤ ቤት ለብቻ ይቆላላት። የለውዝ ቅቤ የተቀባ ዳቦም እንደዚያው ነው። ለውዝ የነካ እጅና ዴስክ በውኃና በሳሙና ይታጠብ። ሽታው ብቻ ግን ለአደጋ አይዳርጋትምና ከክፍል ማውጣት አያስፈልግም።

ለውዝ ከሽምብራና ከአተር ወገን ነው ብለው ሽሮውንና ክኩን አይከልክሏት። ለውዝ የማይስማማቸው አብዛኞቹ ልጆች እነዚያን ያለ ችግር ይበላሉ። እስከ ዛሬ በልታ ምንም ካልሆነች ትቀጥል። ካሳከካት ግን ለሐኪም ያሳዩ።

ሰኞ ጠዋት ከልጅዎ ጋር ጤና ጣቢያ ይሂዱ። በሽታዋንና የአድሬናሊን መጠኗን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፉና ለርዕሰ መምህሩ በእጅዎ ይስጡ። ሌላ ቀን መርፌው ከተሰጣት «ተሻላት» ብለው ቶሎ ይዘዋት እንዳይወጡ። ከሰዓታት በኋላ ሊመለስባት ይችላልና ባለሙያው እስኪያሰናብታት እዚያው ትቆይ።