ለዕረፍት ውጭ አገር ልትሄዱ ላሰባችሁ፦ ካሜራችሁን አቅልሉት

"ጋሼ፣ ዋሽንግተን አክስቴ ጋ ለአንድ ወር ልሄድ ነው፤ የትኞቹን ሌንሶች ልያዝ?" ይህችን ጥያቄ ከእናንተ ከወጣት ፎቶ አንሺዎቹ ቶሎ ቶሎ እሰማታለሁ። ጠያቂው መልሴን ሳይጠብቅ ይደረድርልኛል። ሁለት ቦዲ (ሌንስ ያልተገጠመበት ካሜራ)፣ 24-70 እና 70-200 ሚሊ ሜትር ሌንሶች (ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል)፣ አንድ ዋይድ (ሰፋ አድርጎ የሚያነሳ) ሌንስ፣ ጊምባል (የካሜራ ማረጋጊያ)፣ ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ)፣ ፍላሽ፣ "ድሮንም ጓደኛዬ ሊያውሰኝ ነው።" እኔም እጠይቃለሁ፦ ሠርግ ልትሠራ ነው ወይስ ልታርፍ?

ሠርግ ላይ ገንዘብ የከፈለ ሰው አለ። ያመለጠው ነገር ተመልሶ ስለማይመጣ ያለንን ሁሉ ጭነን እንሄዳለን፣ ረዳትም መኪናም ይኖራል። ዕረፍት ላይ ረዳቱም መኪናውም የገዛ ትከሻችሁ ነው። አንድ ፎቶ ቢያመልጣችሁ ደግሞ ማንም አይወቅሳችሁም። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በካሜራ እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ፣ ለራሴ ጉዞ ግን አንድ ቦዲና ሁለት ትናንሽ ሌንሶች ብቻ ነው የምይዘው። አንዳንዴ አንዱንም ሌንስ እተወዋለሁ።

እስቲ ኪሎውን እንቁጠረው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ኢኮኖሚ ላይ በእጅ የሚያዘው 7 ኪሎ ነው። ኤምሬትስም እንደዚያው። ካኖን 5ዲ ማርክ 4 ከነባትሪውና ካርዱ 890 ግራም ይመዝናል። 24-70 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ሥሪት 805 ግራም ነው (የኤፍ ቁጥር ሲያንስ ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል)፤ 70-200 ኤፍ 2.8 ሁለተኛው ሥሪት ደግሞ 1490። ሦስቱ ብቻ 3.2 ኪሎ ገደማ መጡ። ጥሩ የካሜራ ቦርሳ ባዶውን ወደ 2 ኪሎ ይጠጋል። ላፕቶፕና ቻርጀሩን ስትጨምሩበት 7 ኪሎው አለቀ፤ ገና ጃኬት አልገባም። በሌላ በኩል ያቺ ሁላችሁም የምታውቋት ርካሿ 50 ኤፍ 1.8 ሌንስ 160 ግራም ብቻ ናት።

"የቀረውን ሻንጣ ውስጥ አስገባዋለሁ" ትሉኛላችሁ። የቱ ሻንጣ? ወደ አሜሪካ ሁለት ሻንጣ ባለ 23 ኪሎ ይፈቀዳል፣ ግን የሀበሻ ሻንጣ መቼ የባለቤቱ ሆኖ ያውቃል! በርበሬው፣ ሽሮው፣ ቆሎው፣ የእናታችሁ ጓደኛ ለልጇ የላከችው ቡና። በዚያ ላይ ሻንጣ ይወረወራል፣ አንዳንዴም ሳይመጣ ይቀራል። ሌንስና ቦዲ ከእጃችሁ አይውጡ። ትራይፖድ የግድ ካላችሁ ግን ሻንጣ ውስጥ ይግባ፤ ጭንቅላቱን ፈትታችሁ ለብቻው፣ እግሩን በጋቢ ጠቅልላችሁ መሀል ላይ አስተኙት። ጋቢው መሄዱ ካልቀረ ሥራ ይሥራ።

ትርፍ ባትሪ ግን ሻንጣ ውስጥ አይገባም፤ ይህ የአየር መንገዱ ጠባይ ሳይሆን የበረራ ደኅንነት ሕግ ነው። የሊቲየም ባትሪ እሳት ሲነሳበት ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው በእጅ ቦርሳ ይገባል፣ ከ100 እስከ 160 ያለው አየር መንገዱን ማስፈቀድ ይፈልጋል። ሂሳቡ ቀላል ነው፦ ቮልቱን በአምፒር ሰዓቱ ማባዛት። የተለመደው የሶኒ ባትሪ 7.2 ቮልት በ2.28 አምፒር ሰዓት ሲባዛ 16.4 ነው፣ ምንም አያሰጋም። ባለ 20 ሺህ ሚሊአምፒር (ማለትም 20 አምፒር ሰዓት) ፓወር ባንክ በ3.7 ቮልት 74 ይሆናል፣ እሱም ያልፋል። ባለ 30 ሺሁ ግን 111 ስለሚሆን ሳታስፈቅዱ ይዛችሁ አትቅረቡ። የባትሪዎቹን ጫፍ ብረት እንዳይነካው በፕላስቲክ መያዣቸው ክደኑት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። የትኛውን ሌንስ?

መልሱ እኔ ጋ የለም፤ ኮምፒውተራችሁ ውስጥ ነው ያለው። ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ካላችሁ ላይብረሪ ውስጥ ፊልተሩን ከፍታችሁ ሜታዳታ በሉት፣ ከዚያ ፎካል ሌንግዝ (የሌንሱ ሚሊ ሜትር) የሚለውን ምረጡ። ባለፈው ዓመት ያነሳችሁት ሁሉ በሚሊ ሜትር ተሰልፎ ይመጣላችኋል። አንዲት ጎበዝ ልጅ 70-200 ካልያዝኩ አልሄድም ብላ ስትከራከረኝ ላፕቶፗን እዚያው አስከፈትኳት። የክፍያ ሥራዎቿን አውጥተን ለራሷ ያነሳቻቸውን ብቻ ስናስቀር አብዛኞቹ ከ24 እስከ 50 መሀል ተኮልኩለዋል። 200 ላይ የነበሩት ከሞላ ጎደል ወፎችና የሰፈር ድመት ነበሩ። ሳቀች፣ ሌንሱንም ቤት ትታው ሄደች።

ከዚህ ስትነሱ ምርጫው ይቀላል። ፉል ፍሬም፣ ማለትም ትልቁን ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለውን የካሜራ ክፍል) ለያዘ 35 ሚሊ ሜትር ከበቂ በላይ ነው፤ ሁለተኛ ካስፈለገ 85 ይጨመር። ሴንሰራችሁ ትንሹ ከሆነ፣ ማለትም ካኖን 200ዲ ወይም ሶኒ 6400 ከያዛችሁ፣ የሌንሱን ቁጥር ለሶኒው በ1.5፣ ለካኖኑ በ1.6 አባዙት፤ 24ቷ ወደ 36 እና 38 ትመጣለች። የካኖኗ ቀጭን 24 ኤፍ 2.8 ሌንስ 125 ግራም ነች፣ የጃኬት ኪስ ውስጥ ትገባለች። ዙም የምትወዱም ካላችሁ አልቆጣም፣ ከካሜራው ጋር አብሮ የመጣው ኪት ሌንስ እንደሚወራበት መጥፎ አይደለም። ቀን ላይ ማንም ልዩነቱን አይነግራችሁም።

ማታ ነው ልዩነቱ። ዋሽንግተን ያለው የሊንከን መታሰቢያ ሌሊቱንም ክፍት ነው፣ ደግሞ የሚያምረው ቀኑ መሽቶ ሰው ሲቀንስ ነው። ሐውልቱ 5.8 ሜትር ይረዝማል፤ ከላይ መብራት አለው፣ ዙሪያው ግን ጨለማ ነው። እዚያ ውስጥ ኤፍ 5.6 ሌንስ አይኤስኦውን (የካሜራውን የብርሃን ስሜት) ሰማይ ያደርስባችኋል፤ ኤፍ 1.8 ግን በእጅ ያዝ ተደርጎ ይነሳል። ዩ ስትሪት አካባቢና ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉት የኛ ሰዎች ምግብ ቤቶችም ማታ ማታ መብራታቸው ደብዛዛ ነው። የአክስታችሁ ሳሎን ቡና ሲፈላም ያው ነው፤ ወደኋላ የምትሸሹበት ቦታ ስለሌለ 85 ይዞ የገባ ጭሱን ብቻ አንስቶ ይወጣል።

ትራይፖዱን ብትይዙትም ብዙ ቦታ አይገባም። ዋሽንግተን ያሉት የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነፃ ነው፣ አብዛኞቹም ለራሳችሁ ማንሳት ይፈቅዳሉ፣ ትራይፖድና ሰልፊ ስቲክ ግን አያስገቡም። ድሮኑን ለጓደኛችሁ መልሱለት። ዋሽንግተን ከሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ 15 ማይል ያህል ክልል ድሮን በጥብቅ የተከለከለበት ከተማ ነው። ከኛም አገር ድሮን ይዞ መውጣትና መግባት ፈቃድ የሚፈልግ ጣጣ ነው። ለዕረፍት ነው የምትሄዱት፣ ፖሊስ ጣቢያ ለመዋል አይደለም።

ፍላሽ ላይ ትንሽ ላውራችሁ። ፍላሽ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ክርስትና፣ ልደትና ምርቃት ይገኝላችኋል፤ "እንኳን ካሜራህን ይዘህ መጣህ" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ለአክስት ልጅ አንድ ሁለት ማንሳት ደስ ይላል። ዋጋ ተነጋግሮ መሥራት ግን ሌላ ነገር ነው፣ በቱሪስት ቪዛ መሥራት አይፈቀድም። ሁለት ቦዲ፣ ሁለት ፍላሽና የመብራት እግር ጭናችሁ ስትገቡም ኤርፖርት ላይ ያለው ሰውዬ "ለሥራ ነው የመጣኸው?" ብሎ ቢጠይቅ አትገረሙ። ትንሽ ዕቃ የያዘ ሰው ትንሽ ነው የሚጠየቀው።

የአየሩ ነገር ለአዲስ አበባ ልጅ እንግዳ ነው። ክረምታችንን ሸሽታችሁ በሐምሌ ከሄዳችሁ ዋሽንግተን ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ነው፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ኤሲው ያንቀጠቅጣል። ከቤት ወጥታችሁ ካሜራውን ወዲያው ስታወጡት ሌንሱ ጉም ይለብሳል። በሸሚዝ አትጥረጉት፤ ጉሙ ይመለሳል፣ የሸሚዙ ቆሻሻ ግን ይቀራል። ቦርሳው ተዘግቶ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ ይቆይ፣ ከዚያ ክፈቱት። በጥር ከሆነ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፣ ጉሙ የሚመጣው ከውጭ ስትገቡ ነው። በብርዱ ባትሪ ቶሎ ስለሚሞት ትርፉን የውስጥ ኪስ ውስጥ አሙቁት።

ካርድ ላይ አትቆጥቡ። ከአንድ ትልቅ ካርድ ሁለት መካከለኛ ይሻላል፣ ሁለቱም አንድ ቦርሳ ውስጥ አይደሩ። የአክስት ቤት ዋይፋይ የኛን አይመስልም፣ ማታ ማታ ፎቶውን ወደ ክላውድ እየጫናችሁ ተኙ። ሶኬቱ ጠፍጣፋ ሁለት ጥርስ ነው፤ ቻርጀራችሁ ላይ 100-240 ቮልት ተጽፎ ካያችሁ የጥርሱ መቀየሪያ ብቻ ይበቃችኋል፣ ትራንስፎርመር አያስፈልግም።

"ካሜራውን እዚያው ብገዛስ?" ለሚለኝም፦ ግዛ፣ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ግዛ። እክል ካለው የምትመልስበት ጊዜ ይኖርሃል፣ እጅህም ይለምደዋል። መመለሻ ቀን ዋዜማ የተገዛ ካሜራ አንድም ጥሩ ፎቶ ሳያነሳ ነው ቦሌ የሚደርሰው። ደረሰኙንም አትጣለው፣ ጉምሩክ ስትደርስ ይፈለጋል።

ከዚህ ይዛችሁት የምትወጡትን ደግሞ ስትወጡ ቦሌ ጉምሩክ ጠይቃችሁ አስመዝግቡት፤ ስትመለሱ "አዲስ ነው ቀረጥ ክፈል" "አይ የኔው ነው" የሚል ክርክር ውስጥ አትገቡም። የሚፈለገው የመለያ ቁጥሩ ነው። ቦዲው ላይ ብዙ ጊዜ ከሥር ተለጥፎ ይገኛል፣ ሌንሱ ላይ ደግሞ ማውንቱ (ካሜራው ላይ የሚገጠምበት) አጠገብ በጣም ደቅቆ ነው የሚጻፈው። በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ወደ ኢሜይላችሁ ላኩት፤ ቢሰረቅባችሁም ለፖሊስ የምትሰጡት እሱኑ ነው።