ኦኪናዋ መኪና ልትከራዪ ከሆነ ይቺን ሳታነቢ እንዳትሄጂ

ሰላም እህቴ። «ጃፓን፣ ኦኪናዋ ደሴት ለ5 ቀን ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር ልንሄድ ነው፣ መኪና መከራየት ግድ ነው? የት የት እንሂድ?» ያልሽውን አይቼ ማለፍ አቃተኝ። እኛም ልክ እንደናንተ አራት ሆነን ነው የሄድነው፣ ከቨርጂንያ፣ ልጆቹ ያኔ የ4 እና የ9 ዓመት ነበሩ። የቲኬቱን ነገር ራስሽ ታውቂዋለሽ አልገባበትም። ፓስፖርትሽ ሰማያዊው የአሜሪካ ነው ብዬ ነው የምጽፈው፣ የኢትዮጵያ ከሆነ ግን ግሪን ካርድ ቢኖርሽም ቪዛ ያስፈልግሻል።

1. መንጃ ፈቃድ። ከዚህ በታች ያለውን ባታነቢ እንኳን ይቺን አንብቢ። ጃፓን የምትቀበለው ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ በ1949 የጄኔቭ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት የተሰጠውን ብቻ ነው፣ አሜሪካ ላለን ሰዎች ደግሞ እሱን የሚሰጠን ትሪፕል ኤ (AAA፣ የአሜሪካ የመኪና ባለቤቶች ማኅበር) ነው። ሁለት ጉርድ ፎቶና መንጃ ፈቃድሽን ይዘሽ መሄድ ነው፣ እኔ 20 ዶላር ነው የከፈልኩት፣ ወረቀት ደብተር ነው፣ ዓመት ያገለግላል። የኢትዮጵያው ኢንተርናሽናል እዚያ አይሠራም፣ ጀርመን ያላችሁ ደግሞ የናንተ ሌላ ነው፣ የመንጃ ፈቃዳችሁ የጃፓንኛ ትርጉም ነው የሚፈለገው።

እኔ ምን አደረግኩ? ከሥራ ማታ ገብቼ ስልኬ ላይ ስፈልግ «በ10 ደቂቃ ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ» የሚል ነገር መጣልኝ፣ 65 ዶላር ከፈልኩ፣ በፖስታ ፕላስቲክ ካርድና ደብተር መጣ፣ ማህተም አለው፣ ፎቶዬ አለበት፣ እውነቴን ነው ከቨርጂንያው መንጃ ፈቃዴ ያምራል። ለባለቤቴ እንደ ዲግሪ ነው ያሳየኋት። «ትሪፕል ኤ እኮ ሰፈራችን ነው ለምን እዚያ አትሄድም» ብላኝ ነበር፣ «አንቺ ደግሞ ሰልፍ ትወጃለሽ» አልኳት። ይቺ ንግግር እስከዛሬ ትነሳብኛለች።

የኦኪናዋ ዋና ከተማ ናሃ ኤርፖርት ወረድን፣ የኪራይ ቢሮው ኤርፖርቱ ውስጥ አይደለም፣ በሚኒባስ ይወስዱሻል። ልጆቹ እንቅልፍ ጥሏቸዋል፣ አራት ሻንጣ አለን፣ ተራችን ደረሰ። ልጅቷ ደብተሬን ገለበጠችው፣ ወደ ውስጥ ገባች፣ አንድ ትልቅ ሰውዬ ይዛ ወጣች። እሱም ገለባበጠው። ከዚያ የትክክለኛው ፎቶ ያለበት ወረቀት አወጣና ጣቱን 1949 የሚለው ላይ አሳረፈ፣ የኔ ላይ ያ ቁጥር የለም። ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ኤክስ ሠራ። እኔም እንደ ሀገሬ ልለምን ሞከርኩ፣ ልጆቹን አሳየሁት፣ 20 ዓመት ነድቻለሁ አልኩት፣ እሱ ጎንበስ ይላል፣ እንደገና ኤክስ። ቢቆጣኝ እኮ እቆጣ ነበር፣ ጎንበስ እያለ የሚከለክልሽን ሰው ምን ትይዋለሽ? ደግሞ ሕጉ ከሱ ጋር ነው። በዕለቱ ስለተሰረዘ ከኪራዩ ግማሹን ቆረጡብኝ። ካርዱን የሸጡልኝ ሰዎች ጋ ስጽፍ ደግሞ «የተሸጠ አይመለስም» የሚል መልስ መጣ፣ አንድ መስመር፣ ስሜን እንኳን አልጠሩም።

ሆቴላችን ኦና የምትባል የባህር ዳርቻ ቦታ ነበር፣ ከናሃ ወደ 50 ኪሎ ሜትር። ታክሲ ያዝን፣ በሩ ራሱ ሲከፈት ትንሹ ልጄ በደስታ ጮኸ፣ እኔ ቆጣሪውን እያየሁ ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ 18,000 የን ገደማ ከፈልኩ። በነጋታው ምን ብሰማ ጥሩ ነው፣ ከኤርፖርቱ እስከ ኦና ሆቴሎች በር ድረስ የሚሄድ ሊሙዚን ባስ አለ!

2. መኪና ግድ ነው ወይ ላልሽው፣ ናሃ ውስጥ አይደለም። ሞኖሬሉ ከኤርፖርት ተነስቶ ሹሪ ድረስ ይወስድሻል፣ ኮኩሳይ የሚባለው የገበያ ጎዳና በእግር ነው። የሹሪ ቤተመንግሥት በፈረንጅ ኦክቶበር 2019 መጨረሻ ላይ እንደተቃጠለ ሰምተሽ ይሆናል፣ ዋናው አዳራሽ በ2026 መጸው ያልቃል ተብሎ ነው ሲሠሩት ያየነው፣ እኔ ሥራውን ማየቱ ራሱ ወድጄዋለሁ፣ ልጆቹ ግን ሰለቻቸው። ወደ ሰሜን ስትሄጂ ነው መኪና የሚያስፈልገው። ቹራኡሚ አኳሪየም ከናሃ ሁለት ሰዓት ይፈጃል፣ በአውቶቡስም ይደረሳል፣ እኛ በመጀመሪያው ጉዞ በአውቶቡስ ነው የሄድነው። ከአራት ሰዓት በኋላ (በነሱ አቆጣጠር፣ በኛ 10 ሰዓት) ስትገቢ ዋጋው ይቀንሳል፣ ሰዉም ይሳሳል። ዌል ሻርክ የሚባሉት ግዙፍ ዓሦች ሲበሉ ቀጥ ብለው እንደ ሰው ይቆማሉ፣ ትልቁ ልጄ ስልኩን አስቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ መስታወቱ ስር ቁጭ አለ፣ ይሄን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

እኔ ብሆን ሁለት ቀን ናሃ ያለ መኪና፣ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ በመኪና ነበር የማደርገው። ከ6 ዓመት በታች ልጅ ካለሽ የልጅ ወንበር በሕግ ግዴታ ነው፣ ስታስይዢ አብረሽ አስይዢ።

በሁለተኛው ዓመት ተመልሰን ሄድን፣ እልህ ነው ሌላ ምን ይባላል። የትሪፕል ኤን ደብተር፣ ፓስፖርቴንና መንጃ ፈቃዴን ለኪራይ ቢሮው ሠራተኛ ደርድሬ አስቀመጥኩለት። መንጃ ፈቃዴ ላይ የኔና የአባቴ ስም ብቻ ነው ያለው፣ ፓስፖርቴ ላይ የአያቴም አለ፣ እሱን ሲያስተያይ ቆየና ልቤ ቆመ፣ ግን አለፈ። የኛ ሰው ይሄን አስቀድሞ ይመልከት። ቁልፉን ሲሰጠኝ ባለቤቴን ዞር ብዬ አየኋት፣ ምንም አላለችም።

መንገዱ በግራ ነው። መታጠፊያ ላይ ፍሬቻ አሳያለሁ ብዬ የዝናብ መጥረጊያውን ስንቴ እንዳስነሳሁት! የሚገርመው ኦኪናዋ ራሷ በአሜሪካኖቹ ጊዜ በቀኝ ነበር የምትነዳው፣ በ1972 ለጃፓን ተመለሰች፣ ወደ ግራ ያዞሯት ግን ሐምሌ 30 ቀን 1978 ነው (በፈረንጅ)፣ በአንድ ሌሊት። እኛም ሀገር እኮ እስከ 1964 በፈረንጅ በግራ ነበር የሚነዳው፣ አባቴ ሲያወራ ቀልድ ይመስለኝ ነበር። አስፋልቱ ውስጥ የኮራል ድንጋይ ስላለበት ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው፣ ቀስ በይ። ታርጋው ላይ ዋይ ፊደል ያለበት መኪና ካየሽ የአሜሪካ ወታደር ነው፣ እሱም እንዳንቺ በግራ መንዳት እየተለማመደ ሊሆን ይችላል። ናቪጌሽኑ ላይ አድራሻ ለመጻፍ አትድከሚ፣ የቦታውን ስልክ ቁጥር አስገቢ።

3. ምግብ። አሳማ የማትበሉ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ እዚያ «ከጩኸቱ በቀር ሁሉም ይበላል» ነው የሚሉት። ሶባ ሲባል ገብስ ነገር መስሎኝ ነበር፣ የኦኪናዋ ሶባ የስንዴ ነው፣ መረቁ ራሱ የአሳማ አጥንት ነው። ኤርፖርት ላይ ለልጆቹ «ሩዝና እንቁላል» ብዬ የገዛሁት ውስጡ የቆርቆሮ አሳማ ነበር፣ አንዱ ግማሹን ጨርሶታል። ባለቤቴ ረቡዕና ዓርብ ትጾማለች፣ ያዳናት ሩዝ፣ ወይን የሚመስለው የባህር አረንጓዴ ነገር (ኡሚቡዶ ይሉታል) እና ወይንጠጅ ስኳር ድንች ነው። ሳታ አንዳጊ የሚሉት ደግሞ ቦምቦሊኖ ነው በቃ፣ እንቁላል ስላለው ለጾም አይሆንም እንጂ፣ ትኩሱን ብሉት።

ወደ ዛማሚ ደሴት በጀልባ መሄድ ካሰባችሁ የመጨረሻው ቀን ላይ አታድርጉት፣ ማዕበል ከተነሳ ይሰረዛል፣ እኛ ቶማሪ ወደብ ላይ ዋና ልብስ ለብሰን ቆመን ነው የተሰረዘብን። ታይፉኑ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው የሚበዛው (የፈረንጅ ጁላይ እስከ ኦክቶበር)፣ ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁን መጨረሻ ደግሞ ዝናብ ነው። ማቡኒ የሚባለው የሰላም ፓርክም ግማሽ ቀን ይገባዋል፣ በ1945ቱ ጦርነት የሞቱት ሰዎች ስም፣ የጃፓኑም የአሜሪካውም፣ ከ240,000 በላይ፣ አንድ ላይ ድንጋይ ላይ ተጽፏል። ትንሹ ልጄ «እነዚህ ሁሉ ክፍል ውስጥ ስማቸው ይጠራል?» አለኝ፣ ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም።

መቼ ነው የምትሄዱት? ሆቴሉስ ናሃ ነው ወይስ ወደ ኦና በኩል? እሱን ጻፊልኝና ሊሙዚን ባሱን ከየት እንደምትይዢው እነግርሻለሁ፣ ያን ታክሲ ሌላ ሐበሻ እንዲከፍል አልፈልግም።